ልብ የሚያርፍበት በር

በጠርሙስ ሰፈር ሰው ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ ፊቱን አይታጠብም፤ መጀመሪያ ዝምታውን ያስራል።

ዝምታ የሚሉት አምባሩን ነው። በፋብሪካው ወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው፤ ያን ስም አስታውሶ የሚጠራው ግን የለም። አምባሩ ከእጅ አንጓ ላይ ሲገጠም ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ሲሰርግ መጀመሪያ ጣቶች ዝም ይላሉ፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ ወገብ፣ በመጨረሻ የእግር መዳፍ። ሰው መሄዱን ይሄዳል፣ መሥራቱን ይሠራል፣ መሳቁንም ይስቃል። ሕመም ብቻ ደጅ ይቀራል። ከሕመም ጋር ደግሞ ሙቀቱም፣ ቅዝቃዜውም፣ የሕፃን ፀጉር ልስላሴም አብረው ደጅ ይቀራሉ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የአገሩ የጠርሙስ ስባሪ ሁሉ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለው ፋብሪካ ይመጣል። በረጅም ቀበቶ ላይ ተዘርግቶ ሲያልፍ፣ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ነጩን ከነጭ፣ ቡናማውን ከቡናማ በእጃቸው ይለያሉ። ማሽን ተሞክሮ ነበር። ማሽን ሲጎዳ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ይጠበቃል፤ ሰው ሲቆረጥ ፋሻ ይበቃዋል። ጓንትም ተሞክሮ ነበር፤ እጅ ያዘገያል ተብሎ ቀረ።

ዘርፌ በዚህ ቀበቶ ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ባሏን ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት ሰው ከፊት ለፊቷ በር የምትኖረው ዘሐራ ናት።

እንግዲህ የማያመው ሰው መቁሰሉን በምን ያውቃል? አያውቅም። ስለዚህ በጠርሙስ ሰፈር መተያያ የሚባል ነገር አለ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ ሰዉ ሁሉ በየፎቁ ደረጃ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። ጫማ ይወልቃል፣ እጅጌ ይሰበሰባል፣ የጨው ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል። አንዱ የሌላውን መዳፍ፣ ተረከዝ፣ ማጅራት በዓይኑ ይፈትሻል፤ ስባሪ ካገኘ በወረንጦ ይነቅላል። ሕመም የሌለው ሰው ገላውን ለጎረቤት ዓይን አደራ ይሰጣል። ተያዪ የሌላት ሴት አንድ ሳምንት ሳይሞላት እግሯ ይመረቅዛል፤ ይህን በሰፈሩ ሕፃን ያውቀዋል።

የዘርፌ ተያዪ ዘሐራ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው።

የሕማማት ሳምንት ረቡዕ ዕለት ዘሐራ የዘርፌን ተረከዝ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በወረንጦዋ ስባሪ እየነቀለች ነበር።

«እትዬ ዘርፌ፣ ይቺ ደግሞ አረንጓዴ ናት። የቢራ ጠርሙስ ትመስለኛለች።»

«ተይ፣ በጾም ቢራ አታግቢብኝ።»

«እኔ አላገባሁም። አንቺው ነሽ በተረከዝሽ የጠጣሽው።»

ከላይኛው ደረጃ የተቀመጡት ሳቁ። ዘሐራም እየሳቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ከትውልድ አገሯ ከወግዲ ነበር። አንሥታ አዳመጠች፣ «እሺ» አለች፣ ደግማ «እሺ» አለች፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋችና ወረንጦዋን በጨው ውኃው ውስጥ በጥንቃቄ አስቀመጠች።

«ይማም ሞቷል» አለች።

ይማም ታላቅ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ዘሐራ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው።

«ፈቃድ ጠይቂ» አለች ዘርፌ።

«ፈቃድ ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጅ ነው። ወንድም ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ያሳደገሽ ነው እኮ።»

«ማሳደግም ወረቀቱ ላይ የለም እትዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅሶ ዝምታ ታስሮ አይደረስም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ግን በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ያው ነው። ደነዝዞ ማልቀስ በሟች ላይ መቀለድ ነው ይባላል። ወግዲ ድረስ ሄዶ፣ አልቅሶ፣ ሦስት ቀን ተቀምጦ ለመመለስ አምባሩን ማውለቅ ግድ ነው። አምባር የሚወልቀው በየጠዋቱ መድኃኒት ሊሞላ ለአፍታ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ከሙቅ ገላ ከተለየ ዓይን የሚባለው መብራቱ ይቀላል። ዓይኑ ከቀላ ባለቤቱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ቤቱ የፋብሪካው ነውና ማታውኑ ይታሸጋል።

ሰፈሩ ለዚህ መላ አበጅቷል። አምባሩ የማንን ሥጋ እንደሚያደነዝዝ አይመርጥም፤ ሙቀትና ትርታ ካገኘ ይበቃዋል። አንዷ ብትወልድ፣ አንዱ ከሩቅ እንግዳ ቢመጣበት፣ ጎረቤት አምባሩን ተቀብሎ ለግማሽ ቀን፣ ቢበዛ ለአንድ ቀን ይዞ ይቆያል። «አደራ ማሰር» ይሉታል። ከተደረሰበት ሁለቱም ይሰረዛሉ። ለሦስት ቀን ያሰረ ሰው ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልነበረም።

ዘርፌ ግራ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው» አለች።

«ከነገ ማታ ጀምሮ አክፋይ ነሽ እኮ፤ እህል ውኃ የለም። ባዶ ሆድሽን እንዴት ብለሽ?»

«የማከፍለው በሆዴ ነው፤ አምባሩ የሚታሰረው እጄ ላይ። ምን አገናኛቸው? አብሽሪ፣ ሂጂና ወንድምሽን ቅበሪ።»

ዘሐራ የዘርፌን ተረከዝ ከጭኗ ላይ አወረደች። «ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚች ደረጃ ላይ ነኝ» አለች። «ወላሂ።»

ሐሙስ ጠዋት ዘርፌ ሁለት አምባር አስራ የፋብሪካውን በር ስታልፍ በሩ በለዘበ ድምፅ «እንደምን አደሩ ዘርፌ። እንደምን አደሩ ዘሐራ» አላት። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ጫማቸውን ያዩ ጀመር። በሩ ሰው አይቆጥርም፤ አምባር ነው የሚቆጥር። ቀበቶውም የእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚቆጥር። ስለዚህ ዘርፌ ቀኑን ሙሉ በቀኝ እጇ ዘርፌ ሆና አረንጓዴ ለየች፣ በግራ እጇ ዘሐራ ሆና ነጭ ለየች። ማታ ቀበቶው ለሁለቱም እጆች ምስጋና አቀረበ። ያን ዕለት የጾም ምሳዋን በልታ ነበርና ምንም አልሆነችም።

ዓርብ ስቅለት ነው። በስቅለት ቀን መሥራት ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁን የሚገርመው የለም። ረፋድ ላይ ዘርፌ አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም ተሰማት፤ ሚስማር የጠባች ይመስል። ምራቋን ብትውጥም አልለቀቃትም። ስድስት ሰዓት ላይ ጆሮዋ ውስጥ አንዲት ቀጭን ፉጨት ገባች። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ደግሞ ከንፈሯ ጠፋ። ማለቴ ከንፈሯ በቦታው አለ፤ እሷ ግን ልታገኘው አልቻለችም። አጠገቧ የቆመችው ሴት ስታናግራት ዘርፌ መልስ ሰጠች፣ ሴትዮዋ ግን «ምን አልሽ?» አለቻት ሦስት ጊዜ።

ጾም ነው ብላ አለፈችው። ድካም ነው ብላ አለፈችው። ከሥራ መልስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሰገደች። ጉልበት ሳያመው የሚሰገድ ስግደት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ አባቶች ዛሬም አልተስማሙም፤ ሕዝቡ ግን ይሰግዳል፣ ከዚያ መተያያ ላይ የጉልበቱን ቁስል ይጠራርጋል። ዘርፌ ሠላሳ ጊዜ ወድቃ ተነሣች። ሠላሳ አንደኛው ላይ ወድቃ ስትቀር መሬቱ ሩቅ መሰላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻዋን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በየፎቁ ሰዉ ይተያያል፤ ወረንጦ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ጉልበቷ ላይ ደም አየች። ተረከዟን ለማየት ተጣመመች፣ አልሆነላትም። ያን ጊዜ ነው አንድ ሐሳብ የመጣባት፤ ከመጣ በኋላም አልሄደም። መዳፏን ደረቷ ላይ አኖረች። ምንም የለም። ግራውን ሞከረች። ምንም። መዳፉም ደነዝ፣ ደረቱም ደነዝ ነው። ልቧ መምታቱን የምታውቅበት አንድም መንገድ እንደሌላት ተረዳች፤ ልቧ ቢቆምም የምታውቀው ስትወድቅ ብቻ ነው። ምናልባት ያን ጊዜም አይደለም።

ባዶ እግሯን ወደ አንደኛ ፎቅ ወረደች።

አንደኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ንጋቱ ይኖራሉ። ዱሮ ድሬሰር ነበሩ፤ አርባ ዓመት ቁስል ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ለወገባቸው ዝምታ ያስራሉ፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ የእንጨት ማዳመጫም አለቻቸው። ዘርፌን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ወንበር ሰጧት፣ ማዳመጫዋን ከጀርባዋ ላይ አድርገው ጆሯቸውን ደቀኑ።

ብዙ ቆዩ። ዘርፌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ከዚያ ፊታቸውን አየች፣ ፊታቸው እንደ በረኛ ፊት ተዘግቶ ነበር።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ዘርፌ፣ አታሹፊብኝ። ነጠላሽን አንሺ።»

ግራ እጇን አሳየቻቸው።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከትናንት ጠዋት።»

«ምን በላሽ?»

«አክፍያለሁ፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ።»

ጋሽ ንጋቱ ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ተነሥተው የቤታቸውን በር ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። «ይኸውልሽ» አሉ፤ «ልብሽ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ ሁለት ዓይነት በር አላት። አንደኛው መግቢያ ነው። ሶዲየም የሚባለው በእሱ ሲገባ ሕዋሷ ትነሣለች፣ ልብሽ ይመታል። ሁለተኛው መውጫ ነው። ፖታሲየም የሚባለው በእሱ ሲወጣ ሕዋሷ ታርፋለች። ያረፈች ብቻ ናት ደግማ የምትነሣ። ዝምታ የተሠራው ሕመም በሚሄድበት ጅማት ላይ የመጀመሪያውን በር ሊዘጋ ነው። ሲበዛ ግን ወደ ልብ ይዘልቃል፣ ሁለተኛውንም በር ይወትፋል።»

«እና ልቤ...»

«ይመታል። ማረፍ ነው ያቃተው። እያንዳንዱ ምት ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚያልቀው። አንዱ ሳያርፍ ሌላው ከመጣበት ይንቀጠቀጥና ያበቃል። ፖታሲየም ደሞ ከምትበዪው ነው የሚገኘው፤ ደምሽ ውስጥ ሲጎድል ያ በር ይብሱን ይጠብቃል። አንቺ ሁለት እጥፍ አስረሽ ሆድሽን ባዶ አደረግሽው።»

«የማከፍለው በሆዴ ነው ብዬ...» አለች።

ጋሽ ንጋቱ ጓዳ ገብተው ሙዝ አመጡላት። አመነታች። ሃያ ዓመት አክፍላ አንዴም አላፈረሰችም።

«ለእግዜር እኔ እነግርልሻለሁ» አሉ። «ብዪ።»

በላች። ሙዙ አፏ ውስጥ መኖሩን የምታውቀው መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ ነው። ጨርሳ ቀና ስትል ጋሽ ንጋቱ መሐረብ ዘረጉላት። መሐረቡን አፏ ላይ አድርጋ ስታነሣው ቀይ ነበር። ከሙዙ ጋር የታችኛ ከንፈሯን በልታው ነበር።

«ሐኪም ቤት ሂጂ» አሉ ጋሽ ንጋቱ፣ በቀስታ።

«ደሜን ያዩታል። ሁለት አምባር እንዳሰርኩ ያውቃሉ። ዘሐራ ትሰረዛለች።»

«አንቺ ከምትሞቺ ትሰረዝ። አውልቂው የእሷን።»

«ነገ ማታ ትመጣለች። ነገ ቀበቶው የሚታጠብበት ቀን ነው፣ ሥራ የለም፤ አምባሩ ሙቅ ሆኖ መዋል ብቻ ነው ያለበት። አንድ ቀን ነው ጋሼ።»

«ነገ ማታ የሚደርስ ልብ የለሽም።» ከዚያ ደክሟቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና በንዴት «እንግዲህ በግ ላይ እሰሪው!» አሉ።

ዘርፌ አልሳቀችም።

በጉ ከደረጃው ሥር፣ ብስክሌት በሚቀመጥበት ክፍል ታስሮ ነበር። ለፋሲካ አራት ቤቶች ተዋጥተው የገዙት፣ ነጭ፣ ፊቱ ጥቁር። ልጆቹ ተከራዩ ይሉታል፤ በብሎኩ ውስጥ ዝምታ ሳያስር የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ዘርፌ ስትገባ ቀና ብሎ አያትና ወደ ሣሩ ተመለሰ። በሳሙና ውኃ የዘሐራን አምባር ከግራ እጇ አወለቀች። በጉ የፊት እግር ላይ፣ ከጉልበቱ በላይ ፀጉሩ ሳሳ ባለበት በኩል አሰረችው። የአምባሩ ዓይን ቢጫ ሆነ፣ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

«ለዘሐራ ነው» አለችው በጉን። «ነገ ማታ አወልቅልሃለሁ።»

ያን ምሽት የአፏ ብረት እየሳሳ ሄደ። ከንፈሯም ትንሽ ትንሽ ተመለሰ፤ ሲመለስ ንክሻውን ይዞ ነበርና ዘርፌ ሕመሙን እንደ ጠፋ ዘመድ ተቀበለችው።

ቅዳሜ ጠዋት በጉ ቆሞ አገኘችው፤ አረንጓዴው ዓይንም በቦታው ነበር። ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ ይዘው መጥተው በየበሩ አከፋፈሉ፣ ሰዉም ግንባሩ ላይ አሰረ። ስድስት ሰዓት ላይ ዘርፌ ከቄጤማዋ ከፍላ ለበጉ ልትሰጠው ወረደች። ከእጇ ተቀብሎ ማኘክ ጀመረ። እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ስታየው አምስት ሰዓት ብቻ እንደቀረ ታስብ ነበር።

በጉ ማኘኩን አቆመ።

ቄጤማው ከአፉ ግማሹ ወጥቶ ነበር። አንድ ጆሮው ዝቅ አለ። የሚሰማው ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ የፊት እግሮቹ ታጠፉ፣ የኋላዎቹም ተከተሉ፤ ሊተኛ የፈለገ እንጂ የወደቀ አይመስልም ነበር። አልጮኸም። አልተንፈራገጠም። ዓይኑ እንደተከፈተ ነው። ዘርፌ ተንበርክካ አንገቱን ብትነቀንቀው የሚነቀነቀው አንገቱ ብቻ ነበር።

የአምባሩ ዓይን ነጭ ሆነና ተናገረ።

«ዘሐራ ሙሔ፣ የልብ ትርታዎ ቆሟል። ስለ ታማኝ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን።»

ዘርፌ እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች። የራሷ አምባር ከቀኝ እጇ ላይ ነበር። አረንጓዴውን ዓይን አየችው። እሱም እንደሚያያት ተሰማት።

የፋብሪካው ሰዎች በስምንት ሰዓት መጡ። አንድ ሰውና አንዲት ሴት፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ የታጠፈ ድንኳን የጫነ ጋሪ የሚጎትቱ። ድንኳኑን በሩብ ሰዓት ግቢው ውስጥ ተከሉ፤ የለመዱት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ጎረቤት ወረደ። ጋሽ ንጋቱ ዘርፌን አይተው ሁሉን ተረዱና አጠገቧ መጥተው ቆሙ። በጉን ከጆንያ ሥር አድርገውታል፤ አምባሩ ዘርፌ ኪስ ውስጥ ነው።

«ያጥናችሁ» አለች ሴትዮዋ። «አስከሬን የቤተሰብ ነው። የእኛ ድርሻ አምባሩና የቤቱ ቁልፍ ነው። ቀብሩ ተፈጽሟል?»

«ሙስሊም ናት» አሉ ጋሽ ንጋቱ ፈጠን ብለው። «ወዲያው ነው የሚቀብሩት።»

«ሲሞቱ አጠገባቸው የነበረ ሰው አለ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዘርፌ ዞረ። እውነቱን ብትናገር ዘሐራ በሕይወት ትኖራለች፣ ግን ትሰረዛለች፤ እሷም ትሰረዛለች፣ የደበቁላት ጋሽ ንጋቱም ይጠየቃሉ። ብትዋሽ ዘሐራ በመዝገቡ ላይ ትሞታለች።

«እኔ ነበርኩ» አለች። ድምፇ የራሷ አልመሰላትም። «ሳትጮህ ነው የሞተችው። ቆማ ነበር፤ ጠበቀች፣ ከዚያ ታጠፈች።»

ሴትዮዋ ጻፈች። «እንደ ሁሉም» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«እንደ ማን?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«እንደ ሁሉም ነው የምልዎ። በዚህ ሰፈር ዘንድሮ ዐሥራ አራተኛዋ ናቸው። አንዱም አልጮኸም።» ከዚያ አምባሩንና ቁልፉን ተቀብላ የዘሐራን በር አሸገች፣ የቀበሌ ማስታወቂያ የምትለጥፍ ያህል ረጋ ብላ።

ዐሥራ አራት። ዘርፌ በዓይኗ ሰዉን ቆጠረች። ባለፈው ጥቅምት አራተኛ ፎቅ ላይ የሞተው ሰው፤ ደክሞት ነው ተብሎ ነበር። በጥር የሞተችው የሁለት ልጆች እናት፤ ቡዳ በላት ተብሎ ነበር። እነሱ አንዳንድ አምባር ብቻ ነበር ያሰሩት። ጋሽ ንጋቱ ክንዷን አጥብቀው ሲይዙ አየች፤ መያዛቸው ግን አልተሰማትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘርፌ አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ ሄዳ ጠበቀች። ዘሐራ ወረደች። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፇ ሰልሏል፣ ሦስት ቀን በገዛ ገላዋ የኖረች ሰው ስለሆነች ትንሽ ታነክሳለች። ከሩቅ ግቢው ውስጥ የተተከለውን ድንኳን አየች።

«ወይኔ እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«አንቺ» አለች ዘርፌ።

ማክሰኞ ዕለት ዘሐራ ብቻዋን ወደ ፋብሪካው መስኮት ሄደች። ተንኮሉን ሳትናገር፣ «ስሕተት ተፈጥሯል፣ ይኸው ቆሜያለሁ» ልትል ነበር። መስኮቱ ጀርባ ያለው ወጣት ጨዋ ነበር። አዳመጣት፣ መዝገቡን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ልብዎ ቆሟል ይላል።»

«እየመታ ነው። እጅህን አምጣና ስማው።»

ወጣቱ ፈገግ ብሎ አንጓው ላይ ያለውን አምባር አሳያት። «ብሰማውማ» አለ። ቀጥሎም ሟች አቤቱታ እንደማያቀርብ፣ ወራሽ ካላቸው ወራሻቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ መምጣት እንደሚችል ነገራት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለሟች አምባር አይሰጥም። ስለዚህ ዘሐራ ዘርፌ ቤት ገባች፣ ከመዝገብ ውጭ ሆና። በብሎኩ ውስጥ የሚያመው ሰው እሷ ብቻ ሆነች። የጥርስ ሕመሟ ተመለሰ፣ ጉልበቷ ተመለሰ፣ ጠዋት ጠዋት የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ያስደነግጣታል። የበጉን ነገር ለባለድርሻዎቹ የነገረቻቸው ዘርፌ ናት፤ ተቆጧት፣ ከዚያ ሴትዮዋ የጠራችውን የሟቾች ቁጥር ስትነግራቸው ቁጣው ቀረ።

መተያያ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ። ቁስል ከታየ፣ ስባሪ ከተነቀለ በኋላ ሰዉ አይበተንም። ዘሐራ ከላይኛው ፎቅ ጀምራ ትወርዳለች።

«ሟቿ መጣች፣ ደረታችሁን ክፈቱ!» ይላሉ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች።

«ሙት ወቃሽ አትሁኑ» ትላለች እሷ።

ባዶ መዳፏን ደረት ላይ ታኖራለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። በዚህ ሰፈር የሰው ልብ ሲመታ የሚሰማ ብቸኛ መዳፍ ያ ነው። «መታ፣ አረፈ። መታ፣ አረፈ። ተነሥ» ትላለች። አንዳንዱ ላይ ትቆያለች። የሚያነክስ ልብ ካገኘች ታችኛው ፎቅ ላይ ማዳመጫቸውን ይዘው ለሚጠብቁት ለጋሽ ንጋቱ ትልካለች። በሰኔ ሦስት ሰው ላከች። በሐምሌ ሰባት። ሰባቱም የሚያስሩት አንዳንድ አምባር ነበር። ጋሽ ንጋቱ ድንችና ጎመን ያዝዛሉ፣ «ነገ አምባሩን አትሰሩ» ይላሉ። ሰዎቹ አንገታቸውን በእሺታ ይነቀንቃሉ። ጠዋት ሲሆን ያስራሉ፤ በሩ አምባር ነው የሚቆጥር።

ዘርፌም ታስራለች። አሁን ቤቱ የሁለት ሴቶች ነው፣ የሚቆጠረው አምባር ግን አንድ ነው።

ነሐሴ ሲገባ፣ አንድ ዝናባማ ማታ፣ ዘሐራ ሁሉን ጨርሳ እንደ ልማዷ መጨረሻ ላይ ወደ ዘርፌ መጣች። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘሐራ መዳፏን በዘርፌ ቀሚስ አንገት በኩል አስገባች። ዘርፌ የመዳፉ ሙቀት አይደርሳትም፤ እጁን ታያለች እንጂ። ስለዚህ የምታነብበው የዘሐራን ፊት ነው።

«ዛሬ እንዴት ነው?»

«ዝም በይ እስቲ።»

«እጅሽ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል?»

«እትዬ ዘርፌ፣ ዝም በይ።»

ከላይኛው ፎቅ አንድ ወረንጦ ወድቆ በደረጃው ላይ እየነጠረ ወረደ። ሁለቱም አላዩትም። የዘሐራ ከንፈር ሲቆጥር ይታይ ነበር፤ ከዚያ መቁጠሩን አቆመ። መዳፏን ጠበቅ አደረገችው።

«አንድ መታ» አለች።

ዘርፌ ዓይኗን ከዘሐራ ፊት ላይ አልነቀለችም። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። ዘሐራ እጇን አላነሣችም። ሁለተኛውን እየጠበቁ ነበር።